የሰገራ ምርመራው «ምንም የለም» ሲል

«ዶክተር፣ ሰገራው ተመርምሮ ምንም የለውም ተባለ፤ የልጄ ተቅማጥ ግን እስካሁን አልቆመም።» በጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል የሠራ ባለሙያ ሁሉ ይህን ቃል ደጋግሞ ሰምቶታል። ቀጥሎ የሚመጣውም ይታወቃል፤ «እንግዲያው ማቆሚያ ኪኒን ይታዘዝልኝ።» ወረቀቱ ላይ «ምንም አልታየም» ተብሎ የተጻፈው ውጤት ለአንዱ ወላጅ «ልጅህ አልታመመም» ማለት ይሆንበታል፤ ለሌላው ደግሞ «ላቦራቶሪው አይረባም»። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ውጤቱ የሚነግረን ላቦራቶሪው በፈለገበት መንገድ የፈለገውን ነገር አለማግኘቱን ብቻ ነው። ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም።

ይህን ለማስረዳት ዛሬ አንባቢን ወዳልተለመደ ቦታ፣ ወደ አሳማ እርባታ ልወስድ ነው። አሳማ በሃይማኖትም በባህልም ምክንያት በአብዛኞቻችን ገበታ ላይ አይቀርብም፤ በአገራችን የሚያረቡትም ጥቂቶች ናቸው። የአሳማ ሆድ ዕቃ አሠራር ግን ከሰው ጋር በእጅጉ ስለሚቀራረብ፣ ተመራማሪዎች ስለ ጨቅላ ሕፃናት አንጀት ከተማሩት ብዙውን የተማሩት ከአሳማ ግልገል ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በአሳማ ግልገሎች ላይ የደረሰው የአንጀት ቫይረስ ወረርሽኝም አንድ ቫይረስ አንጀት ውስጥ ምን እንደሚሠራና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ይልቅ ጉዳዩን ግልጽ አድርጎ ያሳያል።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ በ2013 ሚያዝያና ግንቦት፣ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ነው። በጥቂት የአሳማ እርባታዎች የተወለዱ ግልገሎች በድንገት ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዛቸው፤ ያስመልሳቸውም ጀመር። ትልልቆቹ አሳማዎች ጥቂት ቀን ታመው ሲድኑ፣ ዕድሜያቸው ከሳምንት ያልበለጠው ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ አለቁ። የእንስሳት ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ከ1940ዎቹ ጀምሮ በአገራቸው የሚታወቀውን ሌላ የአሳማ የአንጀት በሽታ ነበር፤ ምልክቱ ቁርጥ እሱን ነው። ናሙና ላኩ፤ ውጤቱ «የለም» ተብሎ መጣ። ሌላ ተጠርጣሪ ተፈለገ፤ እሱም የለም።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «የለም» የሚለው ወረቀት ወደ መዝገብ ይገባና ጉዳዩ ይዘጋል። የአዮዋ ባለሙያዎች ግን ግልገሎቹ እየሞቱ ስለነበር ጥያቄውን እንጂ መዝገቡን አልዘጉትም። ሰገራውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት፤ ዙሪያውን እንደ ዘውድ እሾህ ያወጣ የኮሮና ቫይረስ ቅርጽ ታየ። ከዚያም የኮሮና ቫይረስን ቤተሰብ በጅምላ በሚፈልግ የፒሲአር ምርመራ ፈትሸው ማንነቱን ለዩ። የአሳማ ወረርሽኝ ተቅማጥ ቫይረስ ነበር፤ በምኅጻረ ቃል ፒኢዲ ይባላል። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። የዘር ቅንጣቱም አስቀድሞ በቻይና ከተገኘው ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ።

በሽታው ለአሜሪካ አዲስ ይሁን እንጂ ለዓለም አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1971 በእንግሊዝ አገር ታይቷል፤ ቫይረሱ ራሱ በቤልጂየም ሳይንቲስቶች ተለይቶ የታወቀውም በ1978 ነው። አውሮፓ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲለዝብ እስያ ውስጥ ግን ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ በቻይና በአዲስ ኃይል ተነሣ። አሜሪካ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 7 ሚሊዮን ያህል ግልገሎችን እንደ ገደለ ይገመታል።

ቫይረሱ አንጀት ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውን እንመልከት። የቀጭኑ አንጀት የውስጥ ገጽ እንደ ቧንቧ ልሙጥ አይደለም፤ እንደ ፎጣ ጸጉራም ነው። እያንዳንዱ ጸጉር ከአንድ ሚሊ ሜትር ባይበልጥም፣ ብዛታቸው የአንጀቱን ገጽ በብዙ እጥፍ ያሰፋዋል። ወተቱ ተፈጭቶ፣ ውሃውና ጨው ወደ ደም የሚገቡት በእነዚህ ጸጉሮች ላይ ባሉ ሕዋሳት በኩል ነው። ፒኢዲ የሚያጠቃው እነዚህኑ ሕዋሳት ነው። በአፍ ገብቶ አንጀት ከደረሰ በኋላ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሕዋሳቱ ይረግፋሉ፤ ጸጉሩም ይከረከማል። በጤነኛ ግልገል አንጀት የጸጉሩ ቁመት ከሥሩ ካለው ጉድጓድ ጥልቀት ሰባት እጥፍ ያህል ነው። በታመመው ወደ ሦስት እጥፍ ይወርዳል፤ ሲብስም እኩል ለእኩል ይሆናል። ፎጣው ወደ ላስቲክ ተለወጠ ማለት ነው፤ ላስቲክ ደግሞ ውሃ አይመጥም።

የሞተው ግልገል ሲከፈት የሚታየው ነገር ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለማንም ግልጽ ነው። አንጀቱ ከመሳሳቱ የተነሣ እንደ ፌስታል ብርሃን ያሳልፋል፤ በውስጡም ቢጫ ውሃ አለ። ጨጓራው ግን በረጋ ወተት ሞልቷል። ወተት እየጠጣ በጥም የሞተ ነው። ቫይረሱ ደም አላፈሰሰም፤ ልብንም አላቆመም። ውሃና ጨው ከገላው ሲያልቅ፣ ደሙም አሲድ ሲበዛበት፣ ትንሿ ልብ የምትገፋውን አጣች።

ለምን ትንንሾቹ ብቻ? ሁለት ምክንያት አለው። የአንጀት ሕዋሳት በተፈጥሯቸው እየረገፉ በአዲስ ይተካሉ። ጡት ከጣለ አሳማ የአንጀት ሽፋን በሁለትና በሦስት ቀን ይታደሳል፤ አዲስ የተወለደው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይፈጅበታል። ትልቁ ሕዋሱን በቶሎ ተክቶ ይድናል፤ ትንሹ አዲሱ እስኪበቅል ድረስ የሚያቆየው ውሃ የለውም። ሁለተኛው ምክንያት መከላከያ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የምርመራው ነገር ግን ሳላነሣው የማላልፈው ብልሃት አለበት። የአሳማ ተቅማጥ ሁሉ ሲታይ አንድ ነው። ፒኢዲ ይሁን ሮታ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ በዓይን መለየት አይቻልም፤ እለያለሁ የሚል ካለ እየገመተ ነው። ስለዚህ ከታመሙት ግልገሎች ሰገራ ወይም የአንጀት ቁራጭ ይወሰድና ኮቪድ ሁላችንንም ያስተዋወቀን ፒሲአር ይሠራለታል። ናሙናው በሽታው በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መወሰድ አለበት፤ ቫይረሱ በብዛት የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና። የደም ምርመራ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካልን ይፈልጋል፤ እሱ የሚናገረው ቫይረሱ ከዚህ ቀደም ማለፉን እንጂ ዛሬ መኖሩን አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው የተሳሳተ ውሳኔ ላይ ይደርሳል።

ይሁንና በመቶ የሚቆጠሩ አሳማዎች ያሉበትን ግቢ አንድ በአንድ ይዞ መመርመር እንዴት ይቻላል? መፍትሔው የጥጥ ገመድ ሆነ። ገመዱ በበረቱ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይንጠለጠላል። አሳማ ነገር ማኘክ ስለሚወድ እየተጋፋ ይመጣና ያኝከዋል። ከዚያ ገመዱ በንጹሕ ከረጢት ውስጥ ይጨመቅና የወጣው ምራቅ ለምርመራ ይላካል። በአንድ ገመድ የበረቱ ሁሉ ሁኔታ ይታወቃል። አሳማውም አይጮኽ፣ ሠራተኛውም አይነከስ። በብዙ አገሮች የፖሊዮን ቫይረስ ከከተማ ፍሳሽ ናሙና የሚፈልጉ ባለሙያዎች የሚሠሩትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አንዱን ሰው ሳይሆን ሰፈሩን ይጠይቃሉ።

«የለም» የሚለውን ውጤት አላምንም ማለት ምን ያህል እንደሚጠቅም ሌላም ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ በ2016 መጨረሻ በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ግልገሎች በተቅማጥ መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ ፒኢዲ ተገኘ፤ ነገሩ የተቋጨ መሰለ። ሳምንታት አልፈው በጥር ወር ናሙናዎቹ ከፒኢዲ ነጻ ሆኑ፤ ሞቱ ግን ቀጠለ። ምርመራው እንደገና ሲቀጥል ከሌሊት ወፍ የመጣ ሌላ ኮሮና ቫይረስ ተገኘ። እስኪያበቃ ድረስ ከ24 ሺህ በላይ ግልገሎች ሞተዋል። ከታመሙት አሳማዎች ጋር በቅርብ የሠሩ 35 ሠራተኞች ደማቸው ተመርምሮ አንዱም የመያዝ ምልክት አልተገኘበትም።

ይህ የብዙ አንባቢን ጥያቄ ያመጣል፤ ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ? ፒኢዲ ሰውን አይዝም። ሥጋውንም ለሰው አደገኛ አያደርገውም። ሆኖም «የአሳማ ኮሮና ቫይረስ ሰውን ፈጽሞ አይነካም» ብሎ መደምደም አይገባም። ዴልታ ኮሮና ቫይረስ የተባለ ሌላ የአሳማ የአንጀት ቫይረስ እ.ኤ.አ በ2014 እና በ2015 በሄይቲ ትኩሳት ይዟቸው ከታከሙ ሦስት ሕፃናት ደም ውስጥ መገኘቱን ተመራማሪዎች በ2021 አሳውቀዋል። ሦስት ልጆች ወረርሽኝ አይባሉም፤ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉም አልታየም። ይሁን እንጂ የእንስሳትን በሽታ የሚከታተል ላቦራቶሪ ለሰውም ጤና ዘብ መሆኑን ያስታውሳል። ከዚህ የበለጠ ፍርሃት ግን አያስፈልግም።

በቢሾፍቱ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያም ሆነ በሌላ ቦታ አሳማ ለምታረቡ አንድ ነገር ላክል። ብዙ ግልገሎች በአንድ ጊዜ ተቅማጥ ይዟቸው ቢሞቱ አንቲባዮቲክ ከመርጨት በፊት ለወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ ናሙናው ሰበታ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሊታይ ይችላል። በአገራችን ከዚህ ቀደም የታየው የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት ሌላ በሽታ ነው፤ ትልልቆቹንም ይገድላል። ለሰው ጤና ስንል ደግሞ ከፒኢዲ ይልቅ የሚያሳስቡን ሳልሞኔላ፣ የኮሶ ትል እና በአውሮፓ በደንብ ካልበሰለ የአሳማ ጉበት ጋር ወደ ሰው ሲተላለፍ የታየው የሄፓታይተስ ኢ ዓይነት ናቸው። ከበረት ሲወጡ እጅን በሳሙና መታጠብና ሥጋውን አብስሎ መብላት ለሁሉም ይሠራል።

የመታጠብ ነገር ከተነሣ፣ ፒኢዲ አሜሪካን ያዳረሰው በአየር ላይ በርሮ አይደለም። በ2013 ክረምት መግቢያ አሳማ ወደ ቄራ የሚያመላልሱ ከ600 በላይ ተጎታች መኪናዎች ተፈትሸው ነበር። ከመቶው ስድስት የሚሆኑት ቫይረሱን ይዘው ቄራው በር ደረሱ። ንጹሕ ሆነው ከደረሱት ውስጥም ከመቶው አምስቱ እዚያው ሲያራግፉ ተበከሉ። በሌላ አነጋገር አንድ የታመመ መንጋ በአሥር ጫማና በአንድ ጎማ ሌላውን ያጠፋል። ዓይነ ምድር ከነካው ነገር ወደ አፍ፤ መንገዱ ይኸው ነው። የልጆቻችን ተቅማጥ መንገድም ሌላ አይደለም። ልዩነቱ በጎማ ፋንታ እጅ፣ ጡጦና የመጠጥ ጀሪካን መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ መከላከያው ልመለስ። አሳማ በእርግዝና ጊዜ የመከላከያ ኃይሏን በእንግዴ ልጅ በኩል ለጽንሱ አታስተላልፍም። ግልገሉ ባዶውን ይወለዳል፤ ያለው ተስፋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚጠባው እንገር ብቻ ነው። እናቲቱ ቫይረሱን ቀድማ የምታውቀው ከሆነ በእንገሯና ከዚያም በየዕለቱ በወተቷ ውስጥ የሚወርደው ፀረ እንግዳ አካል የግልገሉን አንጀት እንደ ቀለም ቀብቶ ቫይረሱ ከሕዋሱ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ጥበቃው የሚቆየው እየጠባ ባለበት ጊዜ ነው። በአዮዋ ያ ሁሉ ግልገል ያለቀው እናቶቹ ቫይረሱን ስለማያውቁት ነው። ጡት ነበር፤ ወተትም ነበር፤ በወተቱ ውስጥ ግን ለዚህ ጠላት የተዘጋጀ ዘብ አልነበረም። በኋላ እናት አሳማዎቹ በሽታውን ካወቁት ወዲህ በሽታው ተመልሶ ቢመጣም የሚሞቱት ግልገሎች ቁጥር ቀንሷል።

የሰው ልጅ ከአሳማ በአንድ ነገር ይሻላል፤ እናት በማኅፀን ሳለ ለልጇ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ትልክለታለች። አንጀቱን የሚጠብቀው ግን እንደ ግልገሉ ሁሉ እንገርና የጡት ወተት ነው። ስለዚህም «ወፍራምና ቢጫ ነው፤ የቆየ ወተት ነው» ተብሎ የሚታለበውና የሚደፋው እንገር ነገር ያሳዝነኛል። በአንዳንድ አካባቢ አራስ ሕፃን ከጡት በፊት ቅቤ ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ይቀምሳል። በዚህ መንገድ ለሕፃኑ የሚደርሰው መከላከያ ይቀርና ተህዋስያን ይቀድሙታል። እንገር ለላም ጥጃ እንደሚያስፈልግ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ጥጃው እንገር ሳይጠባ ቢቀር ይጨነቃል። ለጥጃው የተሰጠው ጥንቃቄ ለልጃችን አይነስ። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እስከ ስድስት ወርም ከጡት ሌላ ውሃም አያስፈልገው።

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳነሣሁት ወረቀት እንመለስ። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራው የተለመደው የሰገራ ምርመራ ጥቂት ሰገራ በመስታወት ላይ ተቀብቶ በብርሃን ማይክሮስኮፕ የሚታይበት ነው። ለወስፋት እንቁላል፣ ለጃርዲያና ለአሜባ ጥሩ ነው። ቫይረስን ግን ማሳየት አይችልም፤ የባለሙያው ድካም ሳይሆን የብርሃን ጠባይ ነው። አንድ አሜባ ከአንድ ሮታ ቫይረስ 200 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። አሜባው በሬ ቢሆን ቫይረሱ ንብ ታህላለች። በሕፃናት አንጀት ውስጥ ሮታ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ በ1973 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ሲሆን ያኔም ዶክተር ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ያዩት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። የሕፃናትን ከባድ ተቅማጥ ከሚያመጡት ሁሉ ዋነኛው ይኸው ቫይረስ ነው፤ የሚያደርገውም ፒኢዲ በግልገሉ ላይ ያደረገውን ነው። ጸጉሩን ይከረክማል፤ ውሃውን ያፈሳል።

ስለዚህ የአንድ ዓመት ልጅ ውሃ የመሰለ ተቅማጥና ትውከት ይዞት በምርመራው «ምንም አልታየም» ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» ነው። በዚህ ጊዜ ሜትሮኒዳዞል መዋጥ ቫይረሱን አይነካውም። «ለማንኛውም» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አንቲባዮቲክም አይነካውም፤ እንዲያውም አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ገድሎ ተቅማጡን ሊያስረዝም ይችላል። እንደ ሎፔራሚድ ያሉ የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚገቱ ማቆሚያዎች ደግሞ ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጡም። ሐኪሙ «ኪኒን አያስፈልገውም» ሲል ሕክምና ነፍጓችሁ አይደለም። ያለ ምክንያት «አሜባ ነው» ብሎ ከሚጽፍላችሁ ይልቅ እውነቱን ነግሯችኋል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ተቅማጡ ደም ከተቀላቀለበት፣ ኮሌራ ከተጠረጠረ፣ ልጁም በሌላ ኢንፌክሽን ከተያዘ። ይህን የሚለየው ግን መርማሪው ባለሙያ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ለአሳማው ፒሲአር ሲሠራለት ለልጄ ለምን አይሠራም?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርባታው የምርመራው ውጤት ውሳኔ ይለውጣል። የትኛው በረት ይዘጋ፣ የትኛው መኪና አይግባ፣ የትኛዋ እናት ትከተብ የሚለው ሁሉ በቫይረሱ ስም ይወሰናል። ለአንድ ሕፃን ግን የቫይረሱ ስም ሮታም ሆነ ኖሮ ሕክምናው አንድ ነው፤ የጠፋውን መመለስ። ናሙና ሄዶ እስኪመለስ ልጁን ያለ ፈሳሽ ማቆየት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። በሕፃናት ላይ የቫይረስ ምርመራው ጥቅም በአገር ደረጃ ነው፤ የትኛው ቫይረስ እንደበዛና ክትባቱ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ።

የሚመልሰው ደግሞ ርካሽ ነገር ነው፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦአርኤስ። በውስጡ ስኳርና ጨው ተመጥነው አሉ። የአንጀት ጸጉር ቢከረከምም የቀሩት ሕዋሳት ስኳሩንና ጨውን አያይዘው ያስገባሉ፤ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። መጠኑ የሚሠራው ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ሊትር የሚለው ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሙሉውን ይበጠበጣል። ለመለካት የአንድ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ግማሽ ከረጢት በሙሉ ሊትር፣ ወይም ሙሉውን በአንድ ብርጭቆ መበጥበጥ ልጁን ይጎዳል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ በተቀመጠ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከቡና ሲኒ ጀምሮ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ ማጠጣት ነው። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና፣ አሁንም ቀስ እያሉ። ለስላሳ መጠጥ ኦአርኤስን አይተካም፤ ስኳሩ በዝቶ ጨው ስለሌለው ተቅማጡን ያብሰዋል።

ከኦአርኤሱ ጋር ዚንክ አብሮ ይሰጣል፤ ዕድሜው ስድስት ወር ለሞላው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለው 10፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥ፤ የረገፈውን የአንጀት ሽፋን ለመተካት የሚረዳው እሱ ነውና። ጡትም አይቋረጥ፤ ምግብም እንዲሁ። «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ልጅን ማስራብ የቆየ ልማድ ነው፤ አዲስ ሕዋስ ከባዶ ሆድ አይበቅልም።

ክትባቱም አለ። ኢትዮጵያ የሮታ ቫይረስን ክትባት በ2006 ዓ.ም በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገብታለች። በአፍ የሚንጠባጠብ ነው፤ ልጁ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ይጀመራል፤ በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ በነፃ ይሰጣል። ክትባቱ ተቅማጥን ሁሉ አያስቀርም፤ ኖሮ ቫይረስንም ባክቴሪያንም አይመለከትም። የሚያስቀረው ልጅን ሆስፒታል የሚያስተኛውንና የሚገድለውን ከባዱን የሮታ ተቅማጥ ነው። «ተከትቦ እንኳ አስቀመጠው» የሚል ወላጅ ሲያጋጥመኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ቤት ውስጥ ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ልጁን የምትከታተሉት በዓይኑ፣ በቆዳው፣ በሽንቱና በንቃቱ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ካልሸና፣ መጠጥ አልቀበል ካለ ወይም የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ዕድሜው ከሁለት ወር በታች ከሆነ፣ ቀኑ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በመንገድም ላይ ማንኪያው አይቋረጥ። እዚያ ስትደርሱ ለባለሙያው መጀመሪያ የምትነግሩት ልጁ ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰውና መጨረሻ የሸናው መቼ እንደሆነ ይሁን፤ የሰገራው ወረቀት ከዚያ በኋላ ይታያል።